ያልተቀባው ቤት

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጠጠር ሲያንገጫግጨው ረዳቱ ሲነቃ፣
በመስኮቱ አይቶ ወደ በር ሲጠጋ፣
«ወራጅ አለ!» ይላል፣ «ያልተቀባው ቤት ጋ!»

ያ ቤት የኛ ነው።
ብሎኬቱ በዕቁብ፣ ጣሪያው በብድር፣
የብረት በሩ በጆሮ ጌጤ፣
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ በሲሚንቶው የቆመ።

ዘንድሮ ጥላዬ ጡረታው ሲከበር፣
«አሁንስ እንቀባው» አለኝ፤ ሳቄ መጣ፤
መቀባትስ ድሮ ለንጉሥ አልነበር?
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በጠመኔ ብናኝ፣
ቀለም አስቆጥሬ የሰው ልጅ ሳስተምር፣
ዛሬ በተራዬ ከባንኮኒው ዳር
ቀለም ልቆጥር ነው፣ እያንዳንዱን በቁጥር።

ኸይረዲን ካርዱን እንደ አኮርዲዮን ዘረጋው።
«ይኼ መቶ አሥራ ሁለት፣ ይኼ መቶ አሥራ ሦስት።»
ሁለቱም ነጭ ናቸው።
«ልዩነቱስ?» አልኩት።
«አንዱ የዝሆን ጥርስ፣ አንዱ የዕንቁላል ቅርፊት።»
ዝሆኑን አላየሁም። ዕንቁላሉን ግን ዐውቀዋለሁ፤
በዚህ ኑሮ ከቀለሙ እኩል ሆኗል።

አረንጓዴ ቢሆን፣ ፋርማሲ መስሏቸው
ሌሊት ያንኳኳሉ ማዘዣ ይዘው፤
ሰማያዊ በነጭ? ታክሲ ነው ይሉና
ተራ ይይዙበታል፣ ሰኞ ጠዋት ገና፤
ሮዙንስ በእልፍነሽ ግድግዳ አየነው፤
እንግዳው የሄደ የሠርግ ኬክ ነው።

ጥላዬ ክሬም ይላል። «ክሬም ሰላም ነው፤
ከማንም አይጣላ፣ ማንንም አይጠራ።»
«እንዳንተ» አልኩት።
ሁለት ቀን አኮረፈ።

እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነው።
ለቀስተኛው፣ ሠርገኛው፣ የዕድሩ ጥሩንባ፣
መብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ባለጋሪው ሳይቀር
መገናኛው ሁሉ «ያልተቀባው ጋ» ነበር፤
ከተቀባ ኋላ ሰው የት ይቀጣጠር?

ቀቢው ቦንሳ መጣ፣ መሰላል ተሸክሞ፣
የሙከራ ቀለም በጣሳ ቀምሞ፣
ከበሩ በስተቀኝ አምስት አራት ማዕዘን
እንደ ፖስታ ቴምብር ደርድሮ ለጠፈልን።

ጠዋት አየናቸው። ቀትር ላይ አየናቸው።
ሲኖትራክ ካለፈ በኋላም አየናቸው።
በሦስተኛው ቀን ክሬሙ ሽሮ መሰለ፤
ጥላዬ ምንም አልተነፈሰ።
የጎረቤት ልጅ ራኬብ በጣቷ ነካ አድርጋ
ሐምራዊውን «ይኼኛው ያሳክካል» አለች።

አምስተኛው ስም አልነበረውም፤
ኸይረዲን «ሁለት መቶ ሦስት» ብሎታል እንጂ።
ቦንሳ ብሩሹን በጋዜጣ ጠርጎ፣
ራቅ ብሎ አየው፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፦
«ይኼ ዳማ» አለ።
«ዳማ?»
«የአባቴ በሬ። በቀኝ ይጠመድ ነበር፤
እዚሁ፣ ከጓዳሽ እስከዚያኛው አጥር፣
ጤፍም ሽምብራም ያረሰው።»
በቁጣ አላለውም። እንደ ቁጥር ነው ያለው።
«ደግሞ ቱሉ ዲምቱ በኛ ቋንቋ ቀይ ጉብታ ነው፤
ቀለሙ እዚህ ተቀምጦ ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ።»

ተያየን እኔና ጥላዬ።
ሻይ አፈላሁ።
ክሬም ያለ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ተጀመረ፣ ቅዳሜ አለቀ።
ማታ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጎኑ ይሞቃል፣
ከቀንበር ገና እንደተፈታ።
ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ፣ መዳፍ የምታህል
ግራጫ አስቀረሁ። ጥላዬ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት፣ በር ላይ ቆሜ
ከጥፍሬ ሥር ቀለም በነጭ ጋዝ ሳስለቅቅ፣
ታክሲው ቆመ። «ያልተቀባው ጋ!» አለ ረዳቱ።
አንዲት እንግዳ ሴት ፌስታል ይዛ ወረደች።
ቀኝ አየች፣ ግራ አየች፣
አቧራው እስኪያልፍ ዓይኗን ሸፈነችና፦
«እናቴ፣ ያልተቀባው ቤት የቱ ነው?»
ዞር ብዬ አየሁት።
«ይኸው» አልኳት፣ «ደርሰሻል።»